ቡሬ ላይ አግዳሚው የሞላበት ሰኞ

ጎጃም ልሄድ ነው ስል የሰፈሬ ሰው በሙሉ ጋቢ ሊያውሰኝ መጣ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድ የሚያውቀው የማቀዝቀዣ በር ሲከፍት ነው፤ እኔም ከዚያው ወገን ነኝ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስንት ዓመት ሕፃን ስቀበል ኖሬ፣ የምሠራበት ድርጅት «አንቺ አፍ አለሽ፣ ሰው አትፈሪም» ብሎ አዲስ ሥራ ሰጠኝ። ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፦ ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች በኋላ ሳይሆን ገና ሳትፀንስ ጤና ጣቢያ መጥታ ደሟ፣ ግፊቷ፣ ክብደቷ እንዲታይ፣ የሚያስፈልጋትን ክኒን እንድትጀምር፣ ባሏም አብሯት እንዲመረመር ማድረግ። ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አይከብድም። ምዕራብ ጎጃም ገጠር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ይህን አስጀምረሽ ተመለሺ ተባልኩ። ሄድኩ፣ ተመለስኩ። አብዛኞቻችሁ እዚያ የሚያደርስ ጉዳይ ስለማይኖራችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ ሳይነጋ ተነሳን። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጃንጥላቸውን እግራቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። እኔ እንደ ልማዴ፣ «አባ፣ እግርህን ትንሽ ሰብሰብ አድርግልኝ» አልኩ። አቦ! ከፊት የነበረች ሴት ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እኛ ድሬ ከንቲባውንም፣ ሱቅ በደረቴውንም፣ የገዛ አባታችንንም አንተ ነው የምንለው፤ ማንም ቅር አይለውም።

ቄሱ ግን ሳቁ። «ልጄ፣ ከወዴት ነሽ?»

«ከድሬዳዋ።»

«እዚያ ሽማግሌ የለም እንዴ?»

«ሞልቷል አባ። ግን እኛ እግዚአብሔርንም አንተ ነው የምንለው።»

«ይኸስ እኛም እንላለን» አሉና ዳቧቸውን ለሁለት ገምሰው ትልቁን ግማሽ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ፈርቼ ያረፍኩበትን ሆቴል ድመት ሳይቀር አንቱ ልል ምንም አልቀረኝም።

የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሰዉ ሁሉ ሙቀቱን ሲያማርር እኔ ጋቢዬን አውልቄ ፈገግ አልኩ። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ሰውነቴ ዘና ያለው እዚያ ብቻ ነው። ደስታዬ ግን ደጀን ድረስ እንኳ አልቆየም፤ ሽቅብ ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ነፋሱ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱ እርሻ ነው። ግራ ጤፍ፣ ቀኝ ጤፍ፣ መሐል ላይ ላም። እኛ ዘንድ አንድ አረንጓዴ ነገር ካየን ፎቶ እንነሳለን፤ እነሱ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም።

ፍኖተ ሰላም ሲመሽ ደረስን። የመድኃኒት ካርቶኔን ከአውቶቡሱ ጣራ አውርደው ሰጡኝ። ሆቴል ገብቼ ስከፍተው ሳሙና ነው። ከላይ ሳሙና፣ ከታች ሳሙና፣ መሐሉም ሳሙና። ለሥራው ያመጣሁት የፎሊክ አሲድ ክኒን በሙሉ የማላውቀው ቦታ ከማላውቀው ሰው ጋር ወርዷል። ሴቶቹን በሳሙና ላዘጋጅ ነው? አልጋው ላይ ተቀምጬ ልቅሶ ቃጣኝ። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ድምፄን ሰምታ መጣችና አልጋዬ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ፣ «የጎጃም ሰው የሰው ዕቃ ይዞ አያድርም፤ ተኚ» ብላኝ ሄደች። አላመንኳትም፤ ግን ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ከአካባቢው ጤና ጣቢያዎች የመጡ ባለሙያዎችን ሰብስቤ ስልጠና ጀመርኩ። ስለ ክኒን እያወራሁ ክኒን የለኝም። የሻይ ሰዓት ላይ አንድ አቧራ የለበሰ ሰው ካርቶን ተሸክሞ በር ላይ ቆመ። ደምበጫ የሚነግድ ሰው ነው። ትናንት ሱቁ ደርሶ ካርቶኑን ሲከፍት መድኃኒት ሆነበት፤ ከላዩ የተጻፈውን አድራሻ አንብቦ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ በመጀመሪያው መኪና መጣ። ልስመው ምንም አልቀረኝም። ምሳ ልጋብዝህ ብለው እምቢ አለ፤ ለመንገዱ ልስጥህ ብለው ተቆጣ። ሳሙናውን ተሸክሞ ሊወጣ ሲል ብቻ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ሲስተር፣ ይኸ መድኃኒት የምንድን ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ እናትየዋ መፀነሷን እንኳ ሳታውቅ፣ ጀርባውና ራስ ቅሉ እንደሚገጥም፤ ያኔ ይህ ነገር በሰውነቷ ካነሰ ጀርባው ክፍት ሆኖ የሚወለድ ልጅ እንዳለ፤ ስለዚህ ቀድማ መጀመር እንዳለባት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን ሳታረግዝ ጤና ጣቢያ የምትቀመጥ ሴት መካን ናት ይሏታል። የኔይቱ አትሄድም።» ሰላምታ ሰጥቶኝ ሄደ። ያን ጊዜ ቁም ነገሩ አልገባኝም፤ ካርቶኔ ስለተገኘ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ

ወደ ቡሬ ስንሄድ ማንኩሳ ላይ መንገዱ ዳር ሁሉ በርበሬ ተሰጥቷል። ቀዩ ነገር ዓይን እስከሚደርስበት ተዘርግቷል። አንድ ጊዜ አስነጠስኩ፤ ከዚያ ቡሬ እስክንገባ አላቆምኩም። ሾፌሩ፣ «ለመድኃኒትነት ነው፣ ጉንፋን ያስለቅቃል» እያለ ሲስቅብኝ ነበር። ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ጤና ጣቢያ የወሰደን የጭነት መኪና ነው፤ እኔ ከፊት፣ ካርቶኑ ጭኔ ላይ። ከእንግዲህ ከእጄ አልለየውም ብዬ ምያለሁ።

ጤና ጣቢያው ጥሩ ነው፤ ንጹሕ፣ አጥሩ ባሕር ዛፍ። ኃላፊው ደሳለኝ የሚባል አዋላጅ ነርስ ነው፤ ትሑት፣ ፈጣን፣ ትንሽ የሚያልበው። ለአዲሱ አገልግሎት አንድ ክፍል ቀለም ቀብቶ፣ በሩ ላይ «የቅድመ እርግዝና ክትትል» ብሎ ለጥፎ፣ በረንዳው ላይ አዲስ አግዳሚ አሠርቷል። «ሲስተር፣ ሕዝቡ ተጠርቷል» አለኝ በኩራት። እውነትም ግቢው በሴት ተሞልቷል። ልቤ ዘለለ። ድሬ ላይ ስብሰባ ስንጠራ ከሚመጣው ሰው ይልቅ የሚቀረው ይበዛል!

ቀረብ ብዬ አየሁ። የመጀመሪያዋ ሆዷ እስከዚህ ነው። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋ ዛሬ ካልወለደች ነገ ትወልዳለች። ከዳር እስከ ዳር አየሁ፤ አንዲት እንኳ ያላረገዘች የለችም።

«ደሳለኝ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ደሳለኝ አላበው። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትሁን ናት ያስረዳችኝ፤ ደፋር፣ ሳቂታ ልጅ ናት፤ እኔም ያረፍኩት እሷ ቤት ነው። «ሲስተር፣ የአንድ ለአምስት የሴቶች ቡድን መሪዎች እስከ ዛሬ የሚገመገሙት ስንት ነፍሰ ጡር አመጣችሁ ተብለው ነው። ከእርግዝና በፊት ስንላቸው ‹እንግዲያ ቶሎ እናምጣ› ብለው ያሉትን ሁሉ ጠራርገው አመጡ።» ከት ብዬ ሳቅኩ። ሴቶቹም ሳቁ፤ አንዷ በሳቅ ብዛት ሆዷን ደግፋ ተቀመጠች። የመጡት ሁሉ የእርግዝና ክትትላቸው ታይቶላቸው ሄዱ። አዲሱ አግዳሚ ግን ቀለሙ ሳይነካ ዋለ።

ሁሉም ሄዶ ክፍሉን ልንዘጋ ስንል አንዲት ወጣት ሴት በጓሮ በኩል፣ በባሕር ዛፎቹ መሐል ሾልካ ገባች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ስሟ አትጠገብ ነው። እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን አሳየችኝ፤ ከቆዳዋ ሥር የተቀበረው የወሊድ መከላከያ ይዳሰሳል። «አሁኑኑ ያውጡልኝ» አለች። «ዛሬ። እባክዎ።»

ለምን እንደምትቸኩል ቀስ እያልኩ አወጣጣኋት። ሁለት ወልዳለች። ሁለቱም ጀርባቸው ክፍት ሆኖ ተወልደው ሳያድሩ ሞቱ። መከላከያውን ያስቀበረችው ከሁለተኛው በኋላ፣ ፍርሃት ገብቷት ነው። አሁን የባሏ እናት ልጄ ዘር ሳያይ አይቅር፣ ሌላ ያግባ ብለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው። «ካረገዝሁ አይለዩኝም» አለች። «ሆዴ ውስጥ ካለ ምን ያደርጉኛል?»

ዛሬ አውጥቼላት ነገ ብትፀንስ ሦስተኛውን እንደምትቀብር ፈራሁ። «ስሚኝ የኔ እህት፣ ለአንቺ መጠኑ ከፍ ያለ ክኒን አለ። ሦስት ወር ትወስጃለሽ፤ ክንድሽ ላይ ያለው እስከዚያ ይቆያል። ከዚያ እናወጣዋለን።»

«ሦስት ወር?» አለችኝ። «እሁድ እኮ ነው የሚያለያዩን!»

አልቅሳ በመጣችበት በጓሮ ሄደች። ትሁን ቤት ያቀረበችልኝ ሽሮ በማንኩሳ በርበሬ የተሠራ ነው፤ እንባዬን በሱ አሳበብኩ።

ዓርብ

በረንዳው ባዶ ነው። ደሳለኝ አግዳሚውን ሁለት ጊዜ ወለወለው። ያረገዘ ሰው መጣ፣ የታመመ መጣ፣ ጥርሱን ያመመው መጣ፤ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል እንጂ እዚያ አግዳሚ ላይ ወንድ እንኳ አይቀመጥም። ያኔ የደምበጫው ነጋዴ ያለኝ ነገር ገባኝ። አግዳሚውን ያዘጋጀነው ለሴቶቹ ነው፤ ሴቶቹ ግን የሚያዩት የመካን መቀመጫ ነው።

ተናደድኩና ትሁንን፣ «ወደ አትጠገብ አማት ቤት ውሰጂኝ» አልኳት።

እማማ ጥሩሰው ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ስለ ምን እንደመጣሁ ሳይጠይቁ አስቀመጡኝና ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አምጥተው ተንበርክከው እግሬን ማጠብ ጀመሩ። እግሬን ልሸሽ ስል ያዝ አደረጉት። «እንግዳ ነሽ፤ ዝም በይ።» እኛ ድሬ ለእንግዳ ቀዝቃዛ ለስላሳና የተቆረጠ ሐብሐብ እናቀርባለን፤ እናትን የምታክል ሴት እግሬ ሥር ስትንበረከክ ግን አይቼ አላውቅም፤ አፈርኩ። ጾም ስለሆነ የተልባ ፍትፍት፣ የአተር ክክ፣ ተጨመረ፣ እንደገና ተጨመረ። ጠገብኩ ማለት እዚያ ቤት ትርጉም የለውም። አትጠገብ ጓዳ ሆና ቀና ሳትል ትሠራለች፤ ባሏ ሞላ በር ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል።

በመጨረሻ ወሬዬን ጀመርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ ያሰብኩበት፣ እጅግ የምኮራበት ምሳሌ ነበረኝ፦ «እማማ፣ ጤፍ ከመዝራት በፊት መሬቱ ስንት ጊዜ ይታረሳል? እንዲሁ ሴትም…»

«ልጄ፣ ሞፈር ይዘሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም እማማ።»

«እንግዲያ መሬቱን ለኛ ተይልን» አሉ፤ ትሁን አፏን ይዛ ሳቀች። ቀጥለው ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ክፉ አይዶለሁም ልጄ። ሁለት በነዚህ እጆቼ ገነዝሁ። ጀርባቸውን ለማንም አላሳየሁም። ጠበል ወሰድኋት፣ ተሳልሁ። እንግዲህ ምን ላድርግ? ሞላ አንድያ ልጄ ነው።»

«ጊዜ ይስጧት። ሦስት ወር፣ ከዚያም የሚፀነስበትን።»

«ጊዜስ ሰጠሁ» አሉና ተነሱ። ሞላ ገመዱን ሲገምድ ቀና ብሎ አላየኝም። ስንወጣ እማማ ጥሩሰው ማር በቅል ሞልተው በእጄ አስያዙኝ፤ ሐሳባቸውን ግን አንድ ስንዝር አልቀየሩም።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ገበያ ነው። የሚያልፈው ሕዝብ ሁሉ በጤና ጣቢያው ደጅ ያልፋል፤ ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ይቀመጥ ይሆናል ብዬ በረንዳው ላይ ጠበቅኩ። ማንም የለም። ከአጥሩ ማዶ ግን ሌላ ሰልፍ አየሁ። ጤና ጣቢያው አጠገብ የእንስሳት ክሊኒክ አለ፤ ወንዶች ጊደራቸውን በገመድ ይዘው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እየተጫወቱ ቆመዋል። ጊደሮቹን ከተሻለ ኮርማ ዘር ለማዳቀል ነው። እዚያም አግዳሚ አለ፤ ሞልቷል፤ ቦታ ያጣው መሬት ተቀምጧል።

ቀረብ ብዬ አደመጥኩ። ባለሙያው የአንዱን ጊደር ዓይን ገለጥ፣ ጎኗን ዳበስ አደረገና፣ «ይቺ ከስታለች፤ አሁን ብናዳቅላት ጥጃው ደካማ ይሆናል። መጀመሪያ ታገግም፤ መኖዋን አሻሽላት፤ ከዚያ አምጣት» አለው። ገበሬው ራሱን ነቀነቀና ያለ ምንም ቅሬታ መለሳት። ቀጣዩ ሞላ ነው። የጊደሯን ገመድ የያዙት እማማ ጥሩሰው ናቸው። ባለሙያው ገና ሲያያቸው፣ «ዛሬማ አምሮባታል! ሦስት ጊዜ ተመላልሳችሁ፣ ታግሳችሁ አገገመች» አላቸው። እማማ ጥሩሰው የጊደሯን አንገት ደባበሱ።

ከዚህ በኋላ አፌን የያዘ አልነበረም።

«አቦ፣ እስቲ ስሙኝ!» አልኩ አጥሩን ይዤ። «ጊደሯ ከመፀነሷ በፊት ዓይኗ ታየ፣ ጎኗ ታየ፣ ታገግም ተባለ። ማን ‹መካን ናት› አላት? ማን ሳቀባት? እናንተ ሦስት ጊዜ ትመላለሳላችሁ፣ ፀሐይ ላይ ትውላላችሁ! እዚህ ማዶ ያለው አግዳሚ ግን ከተሠራ ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም። ሚስቶቻችሁ ሲያረግዙ ብቻ ነው ትዝ የሚሏችሁ?»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። አንዱ ቀልደኛ፣ «ሲስተር፣ ጊደሯ አትመልስም፤ ሚስቴ ግን ትመልሳለች!» ብሎ ሰልፉን አሳቀው። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሞላ አንገቱን ደፋ። እማማ ጥሩሰው ገመዱን እንደያዙ ወደ አጥሩ መጡ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ትናንት ቤቴ በላሽ። እግርሽን አጠብሁሽ። ዛሬ የኔን ምራት ከጊደር እኩል ገበያ መሐል አቆምሻት።»

ስም አልጠራሁም ነበር፤ ራሳቸው ናቸው የወሰዱት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለእሳቸው ብቻ በሚሰማ፣ «እማማ፣ እኩል አላቆምኳትም። እርስዎ ለጊደሯ የሰጧትን ጊዜ ለእሷ ከለከሏት» አልኳቸው።

ጊደሯን ሳያስዳቅሉ ጎትተው ሄዱ። ሞላ ተከተላቸው። ደሳለኝ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ «ሲስተር፣ አበቃልን» አለኝ። እኔም አበቃልን ብዬ አሰብኩ። ማታ እራት አልበላሁም፤ ትሁን ያን ማር እንኳ ብትለምነኝ አልቀመስኩም።

እሑድ

ከቅዳሴ ተወጣ። እኔና ትሁን ከሴቶቹ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ወይራው ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ መሐላቸው የቤተሰቡ የነፍስ አባት ቄስ አድማሱ አሉ። አትጠገብ አጠገቤ ናት። እጄን ይዛዋለች፤ አጨባበጧ አጥንቴን ያመኛል፤ አልተንቀሳቀስኩም። ሴቶች እዚያ ክብ ውስጥ አይገቡም፤ የባል እናት ግን ስትጠራ ትናገራለች።

መጀመሪያ ሞላ ተጠየቀ። «እናቴ የምትለው ነው» አለ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር። ልነሳና ላንቀው ደረስኩ። ከዚያ እማማ ጥሩሰው ተጠሩ። ነጠላቸውን አደግድገው ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ።

«አባቶቼ፣ ለዛሬ የጠራኋችሁ ምራቴን እንድታሰናብቱልኝ ነበር» አሉ። «ትናንት አንዲት ከበረሃ የመጣች አፈኛ ሴት ገበያ መሐል ሰደበችኝ።» ፊቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ነጠላዬ ውስጥ ብደበቅ በወደድኩ። «ሌሊቱን ሙሉ ስረግማት አደርሁ። ሊነጋ ሲል ግን እርግማኑ አለቀብኝ። ጊደሬን ትታገሥ ሲሉኝ ታገሥሁ፤ አልሰደብኋትም፣ አልሸጥኋትም። ያችን ልጅ ግን ሁለት ስታምጥ በጄ ይዣት፣ ሁለት ስቀብር አብራኝ ቆማ አልቅሳ፣ ጊዜ ነፈግኋት። ጊደር አይዶለችም፤ ልጄ ናት። ጊዜ ስጡልኝ።»

የአትጠገብ እጅ እጄን ለቀቀው። ፊቷን ሸፈነች።

ቄስ አድማሱ «ሲስተሯን ጥሯት» አሉ። ሄድኩ፤ ጎንበስ አልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አንቱታ በአግባቡ ተጠቅሜ አላውቅም።

«ክኒኑን ብትውጥ ሙሉ ልጅ እንደምትወልድ ትምያለሽ?»

«አልምልም አባ። አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል። ፈጽሞ ያጠፋዋል ብዬ ግን ልዋሽዎት አልችልም።»

«ብትምይልኝ ኖሮ አላምንሽም ነበር» አሉ። «በጾም ቀንስ እንዴት ትውጠዋለች?»

«ጾሙን ስትፈታ አባ፣ ከምግብ ጋር። ቀኑን አለመዝለሏ ነው ዋናው።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ብዙ አልተነጋገሩም። ሁለት ዓመት ይሰጣት፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለ መለያየት የሚያነሳ እኛን ይንቃል ተባለ። ሞላ ተነስቶ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ ሲነሳ ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር። ይኸ ሰው ለካ እንዲህ ይወዳታል! ቅድም ላንቀው የፈለግኩትን ልመርቀው ደረስኩ።

ሰኞ

ገና ደሳለኝ በሩን ሳይከፍት ደረሱ። በጓሮ አይደለም፤ በዋናው በር፣ በመንገዱ በኩል፣ ሰው ሁሉ እያየ። እማማ ጥሩሰው የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። አግዳሚው ላይ ሞላን በአንድ በኩል፣ አትጠገብን በሌላው በኩል አስቀመጡና እሳቸው መሐል ተቀመጡ። ያልፍ የነበረው ሰው ቆመ። እማማ ጥሩሰው ገበያ በሚያክል ድምፅ፣ «ምን ያቆማችኋል? ልጄና ምራቴ ሊወልዱ ስላሰቡ ሊታዩ መጡ! እናንተም ካሰባችሁ ኑ፤ ካላሰባችሁ መንገዳችሁን!» አሉ።

ደሳለኝ ላቡን እየጠረገ ደም ቀዳ። አትጠገብ ደሟ ትንሽ አንሷል። ሞላም ተመረመረ፤ ደህና ነው፤ አረቄውን ቀንስ ተባለ፤ እናቱ «እኔ አለሁለት» አሉ። ክኒኑን በእጄ ሰጠኋት፤ የክንዷ መከላከያ እስከ ሦስተኛው ወር እንደሚቆይና ያን ጊዜ ደሳለኝ እንደሚያወጣላት ተነጋገርን። እየሳቀች ስትወጣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ፊቷን የሸፈነው ነገር አልነበረም።

እነሱን አስተናግጄ ስወጣ አግዳሚው ላይ ሌላ ባልና ሚስት አገኘሁ። የቅዳሜው ቀልደኛ ነው! «ሚስቴ ትመልሳለች ብያችሁ አልነበር? ‹ለጊደር ሄደህ ለእኔ አትሄድም?› አለችኝ» አለ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎኑን ጎሸመችው። ቀጥሎ ለጥር ሠርግ የታጨች ልጅ ከእናቷ ጋር። ቀጥሎ ሁለት ጎረቤታሞች ባሎቻቸውን ከኋላ አስከትለው። ረፋዱ ላይ ቦታ ጠፋ፤ ትሁን ሮጣ ሄዳ የእንስሳት ክሊኒኩን አግዳሚ በሁለት ሰዎች አሸክማ አመጣች። ባለሙያው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «መልሱልን!» እያለ ይጮሃል፤ ማንም አልሰማውም። እኔ ከክፍሉ ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳው ወደ ክፍሉ እየሮጥኩ ዘፈን መዝፈኔ ትዝ ይለኛል። ምን ዘፈን እንደሆነ አላውቅም። ብርዱም አልተሰማኝም።

ከቀትር በኋላ ጓዜን ጭኜ ስነሳ ካርቶኑ ግማሹ ባዶ ነበር።

ድሬዳዋ

እዚህ ተመልሼ ሙቀቴን አገኘሁ። ጋቢዎቹን አጥቤ ለየባለቤቱ መለስኩ፤ ሥራዬ ቀጠለ። ከደሳለኝ ጋር በስልክ እንገናኛለን፤ አግዳሚ ጨምረናል ይለኛል፣ መከላከያውን አወጣሁላት ይለኛል፣ ፀንሳለች ይለኛል። ያን ስሰማ ደስ ከማለት ይልቅ ፈራሁ። ቄሱ ፊት አልምልም ያልኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ በጮኸ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ አነሳለሁ።

አንድ ቀን ከቀፊራ ገበያ ማንጎ ስመርጥ ስልኬ ጮኸ። የደሳለኝ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የእሱ አይደለም። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ነሽ የለ። ጎጃም እንደዚያ ያለ ሰላምታ ሰምቼ አላውቅም።

«አንች አፈኛ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እማማ ጥሩሰው! እሰማዎታለሁ! ምን ሆነ? ይንገሩኝ እባክዎ!»

እያለቀሱ ነበር። አትጠገብ ወለደች ብለው እንኳ አልጀመሩም።

«የሕፃኗን ጀርባ በእጄ ዳበስሁት» አሉ። «ከአንገቷ ጀምሬ እስከ ወገቧ ዳበስሁት። መብራት አምጡ ብዬ ደግሜ ዳበስሁት። ድፍን ነው ልጄ። ድፍን ነው!»